አባት ሲሸለም፣ ልጅ ሲከለከል

በኖቬምበር 2018 (እ.ኤ.አ.) ሞሪሺየስ ላይ የተሰበሰበው የዩኔስኮ ጉባኤ የጃማይካን ሬጌ በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ላይ አሰፈረው። ለፍትሕ መጓደል፣ ለፍቅርና ለሰብአዊነት ድምፅ የሆነ ሙዚቃ ነው ተባለ። የጃማይካ መንግሥትም ደስታውን በይፋ ገለጸ። አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በኦክቶበር 2022፣ የዚያው አገር የብሮድካስት ኮሚሽን ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ትእዛዝ አወረደ። ሕገወጥ መሣሪያን፣ አደንዛዥ ዕፅንና የማጭበርበር ወንጀልን የሚያሞግስ ዘፈን እንዳይተላለፍ ከለከለ። ትእዛዙ በዋናነት የሚነካው ዳንስሆል የሚባለውን፣ ከሬጌ የተወለደውን ሙዚቃ እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነበር።

ሁለቱን ውሳኔዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንድ ነገር ይታየኛል። የተሸለመው አባት ነው፤ የተከለከለው ልጅ ነው። አባትየው ግን በልጅነቱ ያው ነበር። ሬጌም የዱርዬ ሙዚቃ ተብሏል። ራስታዎችም ወንጀለኛ ተብለዋል። ዛሬ ቅርስ የምንለውን ነገር ትናንት ፖሊስ ያሳድደው ነበር። ይሄን ሳይዙ ስለ ዳንስሆል መፍረድ ተገቢ አይመስለኝም። በተለይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን። ሬጌ ውስጥ የአገራችን ስም ሲጠራ ደስ ይለናል። ማን እንደጠራው፣ ምን ውስጥ ሆኖ እንደጠራው ግን ብዙም አንጠይቅም።

(ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከስፒከር ነው። በ1950ዎቹ በኪንግስተን ድሃ ሰፈሮች ሬዲዮ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ባንድ የሚጫወትበት ሆቴል ደግሞ የሀብታምና የቱሪስት ነው። ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች ቁም ሳጥን የሚያክሉ ስፒከሮችን ባዶ ግቢ ውስጥ ደረደሩ። ሸክላ አጫወቱ። በር ላይ ትንሽ ገንዘብ ተቀበሉ፤ ቢራና ምግብ ሸጡ። ሳውንድ ሲስተም ይሉታል። የሚጨፈርበት ግቢ ወይም አዳራሽ ደግሞ ዳንስሆል ነው። ልብ በሉ፤ ዳንስሆል የሙዚቃ ስልት መጠሪያ ከመሆኑ ከሃያ ዓመት በፊት የቦታ ስም ነበር። ሬጌ ራሱ ያደገው እዚያ ቦታ ነው።

አጫዋቾቹ እርስ በርስ ይፎካከሩ ነበር። ዱክ ሪድ የሚባለው የቀድሞ ፖሊስ ነው። ኮክሰን ዶድ የሚባለው ዋና ተቀናቃኙ ነው። ሸክላ የሚያስመጡት ከአሜሪካ ነበር። ሌላው ዘፈኑን እንዳያውቅባቸው በሸክላው ላይ የተጻፈውን ስም ይፍቁት ነበር። የአሜሪካ ገበያ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል ሲዞር ኪንግስተን የለመደችው ዓይነት ዘፈን እየጠፋ ሄደ። ያኔ የራሳቸውን መቅረጽ ጀመሩ። ተጫዋች አላጡም። መነኮሳት የሚያስተዳድሩት አልፋ የሚባል የድሃ ወንዶች ልጆች ትምህርት ቤት ነበር። ከምርጦቹ የትራምፔት፣ የትሮምቦንና የሳክስፎን ተጫዋቾች ብዙዎቹ የዚያ ቤት ልጆች ናቸው። ስካ የሚባለው ፈጣን ሙዚቃ ተወለደ። ጃማይካ በ1962 ነፃ ስትወጣ የተጨፈረው በስካ ነው። በ1966 ገደማ ፍጥነቱ ቀነሰና ሮክስቴዲ ተባለ። በ1968 ሬጌ መጣ።

አንድ ነገር ሞክሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያላችሁ በእግራችሁ ምቱ። ብዙ ሙዚቃ ክብደቱን የሚያሳርፈው አንድ ላይ ነው። ዋን ድሮፕ የሚባለው የሬጌ አመታት ግን አንድን ባዶ ይተወዋል። ትልቁ ከበሮ የሚወድቀው ሦስት ላይ ነው። ጊታሩ ሁለትና አራት ላይ ቸክ፣ ቸክ ይላል። ከሥር ሆኖ ሁሉንም የሚሸከመው ቤዙ ነው። ከዚህ ውስጥ የራስታዎቹ የጸሎት ከበሮ፣ ንያቢንጊ፣ ትልቅ ድርሻ አለው። ካውንት ኦሲ የሚባል ከበሮ መቺ ከጓደኞቹ ጋር ከኪንግስተን በላይ ባሉት ኮረብቶች ላይ ይጫወተው ነበር። በ1960 ገደማ ይህ ከበሮ ወደ ስቱዲዮ ገባ። ጨዋ የሚባለው ሰው ዞር ብሎ የማያየው ሰው ከበሮ፣ የአገሪቱ ሙዚቃ ልብ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ሌላው የግቢው ልጅ ማይክ የያዘው ሰው ነው። ኪንግ ተቢ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ባለሙያ ነበር። የዘፋኙን ድምፅ ከቀረጻው ላይ እያነሳ ከበሮና ቤዙን ብቻ ያስቀራል። በዚያ ባዶ ላይ ማይክ የያዙት ዩ ሮይና መሰሎቹ ይናገራሉ። ታዳሚውን ያወድሳሉ፣ ይነካካሉ፣ የሰፈሩን ወሬ ያነሳሉ። አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይሄ አይጠፋውም። አዝማሪውም እንዲሁ ነው፤ የገባውን ሰው አይቶ እዚያው ይገጥማል። ሁለት ሳውንድ ሲስተሞች ፊት ለፊት ሲጋጠሙ ደግሞ ነገሩ ፉከራና ቀረርቶ ነው። ኪንግስተን ተወልዶ ብሮንክስ ያደገው ዲጄ ኩል ኸርክ ይህን ባህል ይዞ ኒው ዮርክ ገባ። ኦገስት 11 ቀን 1973 ያዘጋጀው የሰፈር ድግስ ዛሬ የሂፕ ሆፕ ልደት ተብሎ ይከበራል።

ያኔ ራስታ መሆን ምን ማለት ነበር? በኤፕሪል 1963 ሞንቴጎ ቤይ አጠገብ፣ ኮራል ጋርደንስ በሚባል ቦታ ግጭት ተነስቶ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ፖሊስና ወታደር በነገሩ ውስጥ ያልነበሩበትን ራስታዎች ሁሉ ለቀሙ። ደበደቧቸው፣ አሰሯቸው፣ ፀጉራቸውን ላጩ። አገሪቱ ነፃ ከወጣች ዓመት አልሞላትም። መንግሥት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2017 ነው። ከ54 ዓመት በኋላ። በ1966 ደግሞ ብዙ ራስታዎች የሚኖሩበትን ባክ ኦ ዎል የሚባል የምዕራብ ኪንግስተን ሰፈር ቡልዶዘር አፈረሰው። በቦታው ቲቮሊ ጋርደንስ ተገነባ። ሥራውን የመራው ሚኒስትር ኤድዋርድ ሲያጋ ነው። ከፖለቲካ በፊት ሸክላ አሳታሚ ነበር፤ የዚያን ሰፈር ሙዚቃ በደንብ ያውቃል። ይሄን ሰው ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ቡልዶዘሩ ከመምጣቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ጃንሆይ ኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ ደረሱ። መቶ ሺህ ያህል ሰው ወጥቶ ነበር ይባላል። ሕዝቡ የጥበቃውን መስመር ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበው። ንጉሡ መውረድ አልቻሉም። በመጨረሻ ሞርቲመር ፕላኖ የሚባል የራስታ ሽማግሌ ደረጃውን ወጣ። ሕዝቡን አረጋግቶ መንገድ አስከፈተ። ከሦስት ዓመት በፊት የራስታን ፀጉር ይላጭ የነበረ መንግሥት፣ እንግዳውን ከአውሮፕላን ለማውረድ ራስታ አስፈለገው። በዚያ ጉብኝት ራስታዎች ከአገሪቱ ባለሥልጣናት ጋር በአንድ ግብዣ ላይ ታዩ። መንገድ ዳር ቆመው ንጉሡን ካዩት መካከል የቦብ ማርሊ ሚስት ሪታ ነበረች። ቦብ ያኔ እዚያ አልነበረም፤ አሜሪካ፣ ደላዌር ውስጥ ይሠራ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ልናገር። ጃንሆይ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ዘረኝነትን አውግዘው ያደረጉት ንግግር በ1976 በማርሊ አፍ ዘፈን ሆነ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ የንጉሡ ሞት ሲነገር፣ ማርሊ ሕያው ናቸው ብሎ ዘፍኖ ነበር። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ሌላ ነገር ላይ ነበረች። ለእኛ ጃንሆይ ማለት የወሎ ረሃብም ነው፣ የመሬት ላራሹ ጥያቄም ነው። ለእነሱ ግን በ1930 ዘውድ ሲደፉ የአውሮፓ መንግሥታት ወኪሎች ቆመው ያዩዋቸው ጥቁር ንጉሥ ናቸው። ቅድመ አያቱ በባርነት ተሽጦ ቆዳህ ነውርህ ነው ሲባል ላደገ ሰው ያ ፎቶግራፍ ምን እንደሚያደርግ መገመት ይቻላል። እኔ ከሁለቱ አንዱን መጣል አልፈልግም። የእኛን ቁስል እነሱ እንዲሰሙን እፈልጋለሁ። የእነሱን ናፍቆት ደግሞ እኛ እንዳናቃልለው።

ያቃለልነው ይመስለኛል። ሻሸመኔ ውስጥ ጃማይካ ሰፈር አለ። መሬቱ፣ 5 ጋሻ፣ በ1948 ገደማ የተሰጠው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ኢትዮጵያን ለደገፉ የምዕራቡ ዓለም ጥቁሮች ነው። ደርግ አብዛኛውን ወረሰው። የቀሩት ሰዎች እዚያው ወለዱ፤ እዚያው ቀበሩ። ልጆቻቸው አማርኛና ኦሮምኛ እየተናገሩ አደጉ። ቢሆንም ለአሥርት ዓመታት ዜግነትም የመኖሪያ ፈቃድም ያልነበራቸው ብዙ ናቸው። መንግሥት መታወቂያ እንደሚሰጣቸው ያስታወቀው በ2017 ነው። በ2005 የቦብ ማርሊ 60ኛ ልደት መስቀል አደባባይ ላይ በኮንሰርት ሲከበር ከተማው ሁሉ ወጥቷል። በታክሲና በባጃጅ መስታወት ላይ ፎቶው አለ። ያን ያህል የወደድነው ሰው አምኖ የተመኛት ምድር ላይ የገቡትን ሰዎች ግን ወረቀት አልባ አድርገን ይሄን ያህል ዘመን አቆየናቸው። ይሄ ያሳዝነኛል።

በሙዚቃው በኩል ግን መልሰናል፤ መልካም መልሰናል። ዳሎል የተባለው የኢትዮጵያውያን ባንድ ቺካጎ ላይ በ1980ዎቹ ዋይልድ ሄር የሚባል የሬጌ ክለብ ከፈተ። በ1988 ከዚጊ ማርሊ ጋር አልበም ሠርቷል። እዚህ ደግሞ ቴዲ አፍሮ ስለ ቦብ ማርሊ ዘፈነ። ነፍሱን ይማረውና እዮብ መኮንን ሬጌን የአማርኛ ሐዘን አስተማረው። ጆኒ ራጋ አለ። ኃይሌ ሩትስ ችክችካን ከሬጌ አዳቅሎ ችጌ አለው። በእስራኤል ያደጉ ቤተ እስራኤል ወጣቶችም በ1990ዎቹ ጥቁር በመሆናቸው ዝቅ ተደርገው ሲታዩ ብዙዎቹ መጠጊያ ያደረጉት ሬጌን ነው።

ወደ ልጅየው፣ ወደ ዳንስሆል እንምጣ። በ1985 ዌይን ስሚዝ የሚባል ወጣት ካሲዮ ኤምቲ 40 በምትባል ትንሽ ኪቦርድ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አንድ ምት አገኘ። ፕሮዲውሰሩ ኪንግ ጃሚ አዘገየውና ቀረጸው። ስሌንግ ቴንግ ተባለ። ባንድ አላስፈለገም፤ ስቱዲዮ ሙሉ ተጫዋች አላስፈለገም። የሚገርመው፣ ያን ምት ለካሲዮ የሠራችው ሂሮኮ ኦኩዳ የምትባል ጃፓናዊት ናት። ሙዚቃ ስትማር የመመረቂያ ጽሑፏን የጻፈችው በሬጌ ላይ ነበር። ሬጌ ጃፓን ሄዶ፣ ኪቦርድ ውስጥ ገብቶ፣ ኪንግስተን ተመለሰ።

ስሌንግ ቴንግ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ዘፈኖች ተሠርተዋል። ሪዲም የሚሉት ነገር ይሄ ነው። አንድ የሙዚቃ መሠረት ይሠራል፤ ሃያ ዘፋኝ የየራሱን ግጥም ያመጣል። የውጭ ሰው ስርቆት ይመስለዋል። እኛ ግን ትዝታ አለን። ትዝታን ያልዘፈነ ማን አለ? ዜማው የሁሉም ነው፤ ስንኙና ለቅሶው የየራስ ነው። ትዝታ ሰረቀ ተብሎ የተከሰሰ ዘፋኝ የለም። ሪዲምም ግቢው ውስጥ እንዲህ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሪዲሙ ከግቢው ሲወጣ ነው። ስቲሊ እና ክሌቪ የተባሉት ጥንድ ሙዚቀኞች በ1989 ፊሽ ማርኬት የሚል ሪዲም ሠሩ። ከእሱ የመጣው ምት፣ የፓናማ ካናልን ሊቆፍሩ በሄዱ ጃማይካውያን ልጆች በኩል ወደ ስፓኒሽ ገባ፤ ፖርቶ ሪኮ ደርሶ ሬጌቶን ሆነ። ዛሬ ዓለምን ያስጨፍራል፣ ብዙ ገንዘብ ያመጣል። በ2021 ክሌቪና የሟቹ የስቲሊ ወራሾች አሜሪካ ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። ከመቶ በላይ ዘፋኞች ተከሳሽ ሆነዋል። አንዳንዶች፣ ጃማይካውያን ራሳቸው ሪዲም ይዋዋሱ የለም ወይ፣ ይላሉ። አዎ፣ ይዋዋሳሉ። ጎረቤት ከጎረቤት ሲዋዋስ ግን ነገ ይመለሳል፤ ዛሬ የሰጠኸው ነገ ይሰጥሃል። ትልቅ ኩባንያ ወስዶ ሲሄድ የሚመለስ ነገር የለም። በ1982 በዘፈነችው አንድ ዘፈን ዓለም የሚያውቃት ጃማይካዊቷ ዘፋኝ ሲስተር ናንሲ ከ30 ዓመት በላይ ድርሻዋን ሳታገኝ ቆይታለች። ኒው ጀርሲ ውስጥ ባንክ ትሠራ ነበር። እኔ በዚህ ክርክር ከሳሾቹን እደግፋለሁ።

አሁን ከባዱን ጥያቄ ላንሳ። ዳንስሆል ላይ የሚቀርበው ወቀሳ ውሸት ነው? አይደለም። ሽጉጥ የሚያሞግስ ግጥም ሞልቷል። ሴትን እንደ ዕቃ የሚያይ አለ። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ይገደሉ የሚሉ ዘፈኖች ነበሩ፤ በዚህ ምክንያት አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ብዙ ኮንሰርቶች ተሰርዘዋል። ቡጁ ባንተን ከእነዚህ ዘፈኖች በጣም የታወቀውን በ2019 ዳግመኛ እንደማይዘፍነው አስታወቀ። ልክ ነው። ሦስት ሚሊዮን በማይሞላ ሕዝብ ውስጥ በ2022 ብቻ ወደ 1,500 የሚጠጋ ሰው ተገድሏል። ልጇ የተገደለባት እናት ሬዲዮ ስትከፍት የሽጉጥ ሙገሳ መስማት የለብኝም ብትል መብቷ ነው።

ሽጉጡን ግን ዘፈን አላመጣውም። በ1970ዎቹ ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች የኪንግስተንን ድሃ ሰፈሮች ተከፋፍለው ወጣቱን አስታጠቁ። ቲቮሊ ጋርደንስ የአንዱ ፓርቲ ምሽግ ሆነ። ያቺ በቡልዶዘር ፍርስራሽ ላይ የተሠራችው። በ2003 እዚያው አስፋልት ላይ ፓሳ ፓሳ የሚባል የረቡዕ ሌሊት ጭፈራ ተጀመረ። ከሌላው ፓርቲ ሰፈር፣ ከሀብታሞቹም ሰፈር ሰው ይመጣ ነበር። በቀን የማይተላለፉ ሰዎች ሌሊት አንድ ስፒከር ፊት አብረው ጨፈሩ። ፖለቲከኞቹ ያልቻሉትን ዳንስሆል ቻለው። በ2010 ወታደርና ፖሊስ አንድ የወንበዴ መሪ ሊይዙ ወደ ቲቮሊ ገቡ። ቢያንስ 69 ነዋሪዎች ተገደሉ። ጭፈራውም ቆመ።

ሌላም የማይነገርለት ነገር አለው። ጃማይካ ውስጥ ትምህርትም ፍርድ ቤትም በእንግሊዝኛ ነው። ሕዝቡ አፉን የፈታው ግን ፓትዋ በሚባለው በራሱ ቋንቋ ነው። ተማሪ ፓትዋ ሲናገር የተሰበረ እንግሊዝኛ ነው እየተባለ ይሸማቀቅ ነበር። የቀድሞው ሬጌ ለዓለም ጆሮ ሲል ብዙ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛው ይጠጋል። ዳንስሆል አልተጠጋም። እንደ ሰፈሩ ተናገረ። ገባችሁም አልገባችሁም፣ ይህ የእኛ ቋንቋ ነው አለ። አንድ ሕዝብ በገዛ አፉ ሳያፍር ሲናገር መስማት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሲያጋን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ኤፕሪል 22 ቀን 1978 ማርሊ ኪንግስተን ብሔራዊ ስታዲየም ውስጥ ሲዘፍን ጠቅላይ ሚኒስትሩን ማይክል ማንሊንና ተቃዋሚውን ኤድዋርድ ሲያጋን መድረክ ላይ ጠራቸው። የሁለቱን እጅ አያይዞ ከራሱ በላይ አነሳው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ገና ታጣቂዎች ቤቱ ገብተው በጥይት መትተውታል። ሰፈራቸው በቡልዶዘር የተገፋ ሰዎች እምነት ተከታይ፣ ቡልዶዘሩን የላከውን ሰው እጅ ያዘ። ፎቶግራፉን ሳየው ከሁሉም በላይ የሚይዘኝ የሁለቱ ፖለቲከኞች ፊት ነው፤ ጨንቋቸዋል። ሰላሙም አልዘለቀም። በ1980 ምርጫ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ።

በዚያው ስታዲየም ዲሴምበር 31 ቀን 2024 ቫይብዝ ካርቴል ዘፈነ። የዘመኑ ትልቁ የዳንስሆል ስም ነው። በ2011 ተይዞ በ2014 በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት ነበር። በችሎቱ ላይ ከዳኝነት ሸንጎው አባላት አንዱ ሌሎቹን በገንዘብ ሊያባብል ሞክሯል በሚል ለንደን ያለው የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ችሎት ፍርዱን ሻረው። የጃማይካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም ጉዳዩ እንደገና እንዳይታይ ወስኖ ተለቀቀ። ስለ እሱ ምን እንደማስብ ቁርጥ ያለ ነገር መናገር ይከብደኛል። በችሎቱ ተገደለ የተባለው ሰው ቤተሰብ አለው። ግጥም ሲሠራ ደግሞ አቻ የለውም።

ያን ምሽት ግን ስለ እሱ ብቻ አልነበረም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሜዳውን ሞላው። ሲታሰር ሕፃን የነበሩ ወጣቶች ሳይቀሩ ግጥሙን ከአፉ እየነጠቁ ዘፈኑ። ብዙዎቹ ዘፈኖች ሬዲዮ ላይ የማይለቀቁ ናቸው። ልጆቹ የተማሯቸው ከሚኒባስ ታክሲ፣ ከስልክ፣ እንደ አያቶቻቸው ደግሞ ግቢ ውስጥ ከተደረደረ ስፒከር ነው።